«18 ቀን ቆይቼ አስመለስኩ፤ እንደገና ከዜሮ ልጀምር?»

ጤና ይስጥልኝ። ዓምዱን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። 26 ዓመቴ ነው። ሜሪላንድ ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር እኖራለሁ። የምሠራው ጥርስ ክሊኒክ ውስጥ፣ ሪሴፕሽን ላይ ነው።

ቡሊሚያ አለብኝ። የጀመረኝ ኮሌጅ እያለሁ ነው። ቀኑን በቡና እውላለሁ። ማታ ሁሉም ሲተኛ ኪችን ገብቼ መቆም እስኪያቅተኝ እበላለሁ፤ ከዚያ አስመልሳለሁ። እናቴ ጨጓራ ነው የሚመስላት። ተልባ እየበጠበጠች ታጠጣኛለች።

ባለፈው ሰመር ራሴን ስቼ ልወድቅ ስል ፈራሁና ቴራፒስት ጋ መሄድ ጀመርኩ። ጥሩ ሴት ናት። የምበላውንና የሚሰማኝን የምጽፍበት ወረቀት ሰጠችኝ፤ «የሕክምናሽን ግብ ራስሽ አስቢበት» አለችኝ። ሦስት ጻፍኩ፦ ዳግመኛ ላላስመልስ፣ ማታ እንጀራ የሚባል ላልነካ፣ ኪሎዬን ወደ … ላወርድ። የመጨረሻውን አላሳየኋትም። ስልኬ ላይ ደግሞ ያላስመለስኩባቸውን ቀናት የሚቆጥር አፕ ጫንኩ።

18 ቀን ደረስኩ። ከዚያ የአክስቴ ልጅ መልስ ላይ አንዷ ዘመዳችን ክንዴን ያዝ አድርጋ «ውይ፣ ወፈር ብለሻል! ተስማምቶሻል!» አለችኝ። በሰው ሁሉ ፊት። ያን ማታ ያው ሆነ። አፑ «0» ሲለኝ እንደ ልጅ አለቀስኩ። በማግስቱ ለማካካስ ምሳ ዘለልኩ፤ ማታ አሁንም ያው። አሁን በሳምንት ሦስቴ አራቴ ነው።

ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን በውሸት ነው የምሞላው። ቀጠሮ ከመግባቴ በፊት መኪና ውስጥ ተቀምጬ «ቁርስ በላሁ፣ ምሳ በላሁ» እያልኩ እጽፋለሁ። ባንዴ የተጻፈ እንዳይመስል እስክሪብቶ እቀያይራለሁ። እሷም «ጎበዝ፣ እየሄድሽ ነው» ትለኛለች። ያኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ።

ሁዳዴ ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ከልጅነቴ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ቴራፒስቷ ፈረንጅ ስለሆነች አይገባትም ብዬ አልነገርኳትም። ልጹም? ቴራፒውን ላቋርጥ? ወይስ ሁሉንም ትቼ እንደገና ከዜሮ ልጀምር?

ም. ነኝ፣ ከሜሪላንድ

እህቴ ም.፣

በመጀመሪያ፣ የጻፍሽልኝን ኪሎ ከደብዳቤሽ ውስጥ አውጥቼዋለሁ። ይህን ዓምድ ካንቺ ጋር ተመሳሳይ ሕመም ያለባቸውም ያነቡታል፤ ቁጥር ሲያዩ ከራሳቸው ጋር ማወዳደር ይጀምራሉ። ቅር እንደማይልሽ አምናለሁ።

ሦስት ነገር ነው የጠየቅሽኝ። እኔን ግን ቶሎ የያዘኝ «ራሴን ስቼ ልወድቅ ስል» ያልሽው ነው። አሁንም ያዞርሻል? ስትነሺ ዓይንሽ ላይ ይጨልማል? ልብሽ በድንገት ይመታል? ደጋግሞ ማስመለስ የሰውነትን ፖታሲየም ያወርዳል። ፖታሲየም ሲወርድ የልብ ምት ይዛባል። ይህ ደግሞ በመልክ አይታወቅም፤ «ደህና ነሽ፣ አምሮብሻል» የምትባል ሴት ላይም ይደርሳል። ስለዚህ ሁዳዴም ግብም ከመነሳቱ በፊት በዚህ ሳምንት ለሐኪምሽ ደውዪ። «ቡሊሚያ አለብኝ፣ በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ አስመልሳለሁ፤ የደም ምርመራና ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) እፈልጋለሁ» በያቸው። በዚህ ቃል። «ጨጓራ ነገር» ካልሻቸው የጨጓራ መድኃኒት ይዘሽ ትመለሻለሽ። ከወደቅሽ፣ የልብ ምትሽ ከተዛባብሽ ወይም ያስመለስሽው ውስጥ ደም ካየሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ 911 ነው። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ 988 ደውዪ፤ ሌሊትም ይሠራል።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፤ ጥርስ ክሊኒክ ስለምትሠሪ ሳታውቂው አትቀሪም። ካስመለስሽ በኋላ ወዲያው ጥርስሽን አትቦርሺ። አሲዱ ያላላውን የጥርስ ሽፋን ብሩሹ ይፍቀዋል። በውሃ ተጉመጥመጪና ቆይተሽ ቦርሺው።

አሁን ወደ እስክሪብቶዎቹ እንምጣ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እዚያ ጋ ስደርስ ፈገግ አልኩ፤ ቀጥሎ አዘንኩ። ቀለም እስከ መቀያየር መድረስ ስንፍና አይደለም፤ ትልቅ ፍርሃት ነው። ምኑን ነው የፈራሽው? እንዳትቆጣሽ ነው? «ይቺስ አትድንም» ብላ ተስፋ እንዳትቆርጥብሽ ነው? ወይስ አንዴ «ጎበዝ» ስላለችሽ እሱን ማጣት ከበደሽ? ለራስሽ መልሺው። ከቻልሽ ለእሷም ንገሪያት፤ ምክንያቱም የሕክምናው ዋና ሥራ እዚያው ላይ ነው ያለው።

ቴራፒውን አታቋርጪ። የማትግባቢያት ሴት ብትሆን ሌላ ፈልጊ እልሽ ነበር። ይቺ ግን እስካሁን ስታክም የቆየችው ወረቀቱ ላይ ያለችውን ሴት ነው። አንቺን ገና አላገኘችሽም። እንዲህ ያለ ነገር ለእነሱ አዲስ አይደለም፤ ሰው የሚያፍርበትን ሁሉ ይደብቃል። ፊት ለፊት መናገሩ ከከበደሽ ከቀጠሮው በፊት በቴክስት ላኪላት፦ «ካለፈው ወር ጀምሮ ወረቀቱን በውሸት ነው የሞላሁት። ፈርቼ ነው። ሐሙስ ስንገናኝ ስለዚህ እናውራ።» በቃ። ማብራሪያው ስትገናኙ ይደርሳል። የውሸት ገጾቹንም አትቅደጃቸው። የቱ ቀን ላይ መዋሸት እንደጀመርሽ ራሱ ብዙ ይነግራታል።

ከዜሮ ልጀምር ወይ ላልሽው መልሴ አይደለም ነው። አፑን ደግሞ ዛሬውኑ አጥፊው። ቀን መቁጠር የሚረዳቸው ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። አንቺን ግን ሲጎዳሽ እያየሁ ነው። ቆጣሪው የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አስመለሰች ወይም አላስመለሰችም። በእነዚያ 18 ቀናት ውስጥ የሠራሽውን ሁሉ በአንድ ማታ ይሰርዘዋል። ከዚያ «አንዴ ተበላሽቷል» ይመጣል፤ ቀጥሎ ያለውን ታውቂዋለሽ። እስቲ ልጠይቅሽ፤ በእነዚያ 18 ቀናት ምሳ ትበዪ ነበር? ወይስ ጥርስሽን ነክሰሽ ነው የቆየሽው?

ጥያቄው ለነገር አይደለም። ሦስቱን ግቦችሽን ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳያቸው ይጣላሉ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ተራቢ ይሉሻል። የመጀመሪያው ደግሞ የተራበ ሰው የሚያደርገውን እንዳታደርጊ ያዝሻል። በ1944 እና በ1945 ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንሴል ኪስ የተባለ ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን፣ በፈቃዳቸው፣ ለስድስት ወር ያህል ከወትሮው ግማሽ በሚሆን ምግብ አቆያቸው። ዓላማው በጦርነቱ የተራበውን ሕዝብ እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚሻል ማወቅ ነበር። ሰዎቹ ምን ሆኑ መሰለሽ? ቀንና ሌሊት ስለ ምግብ ማሰብ ጀመሩ። የምግብ አሠራር መጽሐፍ የሚሰበስቡ ነበሩ። ቁጡ ሆኑ፣ ከሰው ራቁ። በኋላ እንደ ልብ እንዲበሉ ሲፈቀድላቸው አንዳንዶቹ ጠግበውም ማቆም አቃታቸው። እነዚህ ሰዎች ስለ ቅጥነት አይጨነቁም ነበር። ሰውነት ሲራብ የሚያደርገው ይህንን ነው። ቀኑን በቡና ውለሽ ማታ ኪችን ስትገቢ ሆዳም ሆነሽ አይደለም፤ ቁርስና ምሳሽን እየጠየቀሽ ነው።

ለዚህ ነው የቡሊሚያ ሕክምና መጀመሪያ ማስመለሱን ብቻ አንቆ የማይዘው። ኦክስፎርድ ውስጥ ክሪስቶፈር ፌርበርን የመራው ቡድን ያዘጋጀውና ዛሬ ብዙ ቦታ የሚሠራበት የንግግር ሕክምና፣ ክብደታቸው በጣም ላልወረደ ሰዎች 20 ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ገና ከጅምሩ የሚያተኩረው በሰዓት መብላት ላይ ነው፤ ሦስት ዋና ምግብ፣ ሁለት ወይም ሦስት መክሰስ፣ በመካከላቸው ከአራት ሰዓት ያልበለጠ ክፍተት። ምን ትበያለሽ የሚለው እንኳ በኋላ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ መቼ የሚለው ይስተካከል።

እንግዲህ ግብሽን እንደገና እንጻፈው። «ዳግመኛ ላላስመልስ» ምኞት ነው፤ ጥሩ ምኞት። ግን ማክሰኞ ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ምን እንደምታደርጊ አይነግርሽም። ግብ ስትጽፊ የማታደርጊውን ሳይሆን የምታደርጊውን ጻፊ። መቼና የት የሚለው ይኑረው። ሳምንቱ ሲያልቅ «ሆነ» ወይም «አልሆነም» ማለት ይቻል። ለምሳሌ፦ «በሚመጣው ሳምንት ከአምስቱ የሥራ ቀናት በሦስቱ፣ ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከቤት የያዝኩትን ምሳ እረፍት ክፍል ተቀምጬ እበላለሁ።» ሦስት ነው ያልኩት፣ አምስት አይደለም። አውቄ ነው። ወድቀሽ ከምትጀምሪ አልፈሽ ብትጀምሪ ይሻላል።

ሁለቱ ሆኖ ሦስተኛው ቢቀርስ? ያኔ ራስሽን ከመስደብ ጠይቂ። ምን ሆነ? ስልክ በዝቶ ነው? ምሳ መያዝ ረስተሽ ነው? ወይስ ጠዋት መስታወት አይተሽ ሐሳብሽን ቀየርሽ? እያንዳንዱ የየራሱ መፍትሔ አለው። ለመጀመሪያው ተራ የሚይዝልሽ የሥራ ባልደረባ ትፈልጊያለሽ፤ ለሁለተኛው ማታውኑ የተዘጋጀ ምሳ ዕቃ። ሦስተኛው የቴራፒስትሽ ሥራ ነው። ምሳው ሲረጋ ከሥራ ከመውጣትሽ በፊት አንድ መክሰስ ጨምሪ፤ ባዶ ሆድ ቤት እንዳትገቢ። ማታ ከቤተሰብ ጋር እንጀራ መብላት ከዚያ በኋላ ይመጣል። የማታ እንጀራ ስለፈራሽ መጀመሪያ ላይ አላስገባሁብሽም እንጂ ለዘላለም ይቅር አላልኩም። መጠኑንና ዝርዝሩን ከቴራፒስትሽ ጋር አስተካክሉት፤ የሥነ ምግብ ባለሙያ እንድታገናኝሽም ጠይቂያት። እኔ ሐኪምሽ አይደለሁም።

ደግሞ ከምግብ ውጭ የሆነ አንድ ግብ ጻፊ። ይህን አጥብቄ ነው የምልሽ። ደብዳቤሽ ውስጥ ስለ ምግብ፣ ስለ ኪሎ፣ ስለ ወረቀት አነበብኩ። ምን እንደምትወጂ፣ ከማን ጋር እንደምትስቂ አንድ መስመር የለም። ይህ ሕመም ባይኖር ማታ ማታ ምን ታደርጊ ነበር? ወንድምሽን አንስተሽዋል፤ ምን ያህል ትቀራረባላችሁ?

አመዘጋገቡን በተመለከተ፣ የወረቀቱ ጥቅም ነገሩ በሆነበት ሰዓት ሲጻፍ ነው። ስልክሽ ላይ ባለው ማስታወሻም ይሆናል። ካሎሪ አይጻፍም፣ ግራም አይጻፍም። ያስመለስሽበት ላይ ኮከብ (*) አድርጊበት። እንዲህ ይበቃል፦

«ማክሰኞ፣ ቀን 7:30። እንጀራ በምስር፣ ውሃ። ሥራ ቦታ። ሆዴ የተነፋ መሰለኝ፣ ደበረኝ። ሽንት ቤት ልሂድ አልኩ፣ ስልክ ጠራ፣ ቀረሁ።»

«ማክሰኞ፣ ማታ 5:00። ኪችን። * አስመለስኩ። ከሰዓት በኋላ ምንም አልቀመስኩም ነበር። እማዬ ስለ ሠርጉ ፎቶ ስታወራ ነበር።»

ሁለተኛዋን መስመር አፍረሽ ብትደብቂያት የመጀመሪያዋም ትጠፋለች። የመጀመሪያዋ ላይ ደግሞ ትልቅ ነገር አለ፤ ፍላጎቱ መጣ፣ ስልክ ጠራ፣ አለፈ። ፍላጎቱ ሳይታዘዙትም እንደሚያልፍ በራስሽ እጅ ጽፈሻል ማለት ነው። ስለዚህ ከምግብ በኋላ ላለችው አንድ ሰዓት ከወዲሁ ሥራ አዘጋጂላት። ለጓደኛ መደወል፣ ልብስ ማጠፍ፣ ከወንድምሽ ጋር ወጣ ብሎ መመለስ። ከሽንት ቤት የሚያርቅ ማንኛውም ነገር ይሆናል።

እሑድ እሑድ ወረቀቱን ስታዪ ኮከቦቹን ብቻ አትቁጠሪ። ስንት ምሳ በላሽ? ፍላጎቱ መጥቶ ስንቴ አሳለፍሽው? ከሁሉም በላይ እኔ የምመለከተው አንድ ነገር አለ፤ ካስመለስሽበት ማታ በኋላ ጠዋት ቁርስ በላሽ ወይ? ከመልሱ ድግስ ማግስት ምሳ ባትዘዪ ኖሮ ነገሩ ባንዲት ማታ ሊቀር ይችል ነበር። ያጠፋሽው ኖሮ አይደለም የምነግርሽ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የት ላይ መያዝ እንደሚቻል ላሳይሽ ብዬ ነው።

ኪሎሽን በተመለከተ፣ ሦስተኛውን ግብ ለቴራፒስትሽ አሳዪያት። ተደብቆ የሚኖር ግብ ሌሎቹን ይበላቸዋል። በዚህ ሕክምና ውስጥ ሚዛን ላይ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንዴ፣ ከቴራፒስት ጋር ነው። ውሃና ጨው ብቻ ቁጥሩን ከቀን ቀን ከፍ ዝቅ ያደርጉታል፤ ትርጉም ያለው ነገር የሚታየው የአራት ሳምንቱ አብሮ ሲታይ ነው። ቤት ያለውን ሚዛን ለወንድምሽ ስጪውና ይደብቀው።

ወደ ሁዳዴ ልምጣ። ይህን ጥያቄ በምጠነቀቀው ልክ ሌላውን አልጠነቀቅም፤ ጾም ላንቺ የምግብ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ይገባኛል። ግን ብቻሽን ሆነሽ አንድ ነገር ጠይቂ። ጾሙን ስታስቢው ቀድሞ የሚመጣልሽ ምንድን ነው? ቅዳሴው፣ ጸሎቱ ነው? ወይስ «ማንም ሳይጠይቀኝ ሳልበላ እውላለሁ» የሚለው እፎይታ? ሁለቱም ሊኖሩ ይችላሉ። ሁለተኛው ከበረታ ግን ዘንድሮ የሚጾመው ሕመሙ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾምን ታቀላለች። ይህን የሚወስኑልሽ የነፍስ አባትሽ ናቸው፤ አንቺም አይደለሽ፣ እኔም አይደለሁ። ደውዪላቸው። «አባቴ፣ ከምግብ ጋር የተያያዘ ሕመም አለብኝ፤ በሐኪም ክትትል ላይ ነኝ፤ በየአራት ሰዓቱ እንድበላ ታዝዣለሁ። ጾሙን እንዴት ላድርግ?» በያቸው። ምናልባት የጾም ምግብ በሰዓቱ እየበላሽ እንድትቆዪ ይነግሩሽ ይሆናል። ምናልባትም ሙሉ ለሙሉ ያሳርፉሽና በጸሎት፣ በስግደት ወይም በምጽዋት ይተኩልሻል። ስግደት ካሉሽ ግን ቀደም ብለሽ ሐኪሙን ጠይቂ፤ ለሚያዞረው ሰው ቀላል አይደለም። በእኔ በኩል አንድ ነገር ላይ ጽኑ ነኝ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መዋል ለጊዜው ይቅር። ማታ ኪችን የሚያስገባሽ እሱ ነው። ሙስሊም እህቶቼም ረመዳን ሲመጣ ይህንኑ ይጠይቁኛል፤ እዚያም ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ፤ የሚያምኑትን ዓሊምና ሐኪማቸውን አብረው ያማክሩ።

ቴራፒስትሽ ፈረንጅ በመሆኗ ብቻ አይገባትም አትበዪ። 55 ቀን እንደሆነ፣ ሥጋና ወተት እንደሌለበት፣ ስንት ሰዓት ድረስ እንደሚቆይ፣ ቤት ውስጥ ሁሉም ሲጾም አንቺ ብቻ ስትበዪ ምን እንደሚሰማሽ ንገሪያት። አምስት ደቂቃ ቢፈጅብሽ ነው። ካልነገርሻት ዕቅዷ ሁሉ ሁዳዴ የመጀመሪያዋ ሰኞ ላይ ይፈርሳል።

እናትሽ ቀሩ። ተልባ የሚበጠብጡልሽ ስለሚጨነቁ ነው፤ ጭንቀታቸው ግን የተሳሳተ ቦታ ላይ እያረፈ ነው። ሁሉንም ባንዴ መንገር የለብሽም። «እማዬ፣ ጨጓራ አይደለም። ምግብ ላይ ሕመም አለብኝ፣ እየታከምኩ ነው» ካልሽ ለመጀመሪያ ይበቃል። ሊደነግጡ ይችላሉ። «ምን ጎድሎብሽ?» ሊሉም ይችላሉ። ያኔ እንዳትከራከሪ። የምትፈልጊውን ሁለት ነገር ብቻ ጠይቂ፦ «ስበላ ስለ ሰውነቴ አታውሪ፤ ከራት በኋላ ደግሞ አንድ ሰዓት አብረሽኝ ተቀመጪ።» እናቶች እንዲህ ያለ የሚጨበጥ ሥራ ሲሰጣቸው ይረጋጋሉ። ጉርሻውን ግን ለጊዜው ይቀንሱልሽ፤ ስንት እንደበላሽ ራስሽ እንድታውቂ።

ያቺን ዘመድሽንም ሌላ ድግስ ላይ ታገኚያታለሽ፤ ክንድሽንም ትይዛለች። ክፋት የላትም ይሆናል፤ እኛ ጋ «ወፈርሽ፣ ከሳሽ» ሰላምታ ሆኖ ቀርቷል፣ መጥፎ ልማድ ነው። መልሱን ከወዲሁ ያዢው፦ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ልጆቹስ እንዴት ናቸው?» ስለ ልጆቿ ካነሳሽላት ሌላውን ትረሳዋለች። አንቺ ሳህንሽን ይዘሽ ወንድምሽ አጠገብ ሄደሽ ተቀመጪ።